ዙሪያ

ረሆቦት፣ ጥር ወር፤ ዝናቡ ከባሕር በኩል ይመጣል፣
እኔ ጠረጴዛ ላይ ግራም ይቆጠራል።
ሦስት መቶ ሰማንያ በዝቷል፣ ይቀነስ አሉ፤
መስታወቱ፣ ሽቦው፣ ብሎኑ፣ መመርመሪያው
ሁሉም በየተራ «እኔን አትንኩኝ» ይላሉ።

ትንሽ ናት ቴሌስኮፓችን፤
ከልብስ ማጠቢያ ማሽን ታንሳለች።
ለጊዜው ካርቶን ናት፣ ሙጫና ወረቀት፤
ሲግሊት በክንዷ አቅፋ ከክፍል ክፍል ታዞራታለች፣
በር ላይ ስትደርስ ጎንበስ ትላለች፣
እውነተኛ መስታወት የያዘች ይመስል።

የምትፈልገው ኮከብ አይደለም፤
ኮከብማ ያበራል፣ ማንም አይቶታል።
እሷ የምትሻው በጋላክሲው ዙሪያ
እንደ ጉም የተኛ፣ ከጉም ግን የሳሳ፣
በእንስራ ሙሉ ሁለት አቶም ቢገኝ
«በዛ» የሚያሰኝ፣
ስስ የጋዝ ባሕር ነው።
ኮከብ የሚወለደው ከዚያ ጠብ ሲል ነው፣
ሲሞትም ትንፋሹን የሚመልሰው እዚያው ነው።
ብርሃኑ ደግሞ ከሐምራዊ ማዶ፣
ዐይናችን ያልተሠራለት፣
መሬት ሳይደርስ ገና አየር የሚውጠው፤
ለዚህ ነው ዐይኑን ወስደን ከአየር በላይ የምንሰቅለው።

አባቴ ቢያድግልኝ፣ ቅርያት ሞሼ፣ ሦስተኛ ፎቅ።
ሊፍቱ ተበላሽቶ ደረጃውን ስንወጣ
በየመታጠፊያው ቆም እያለ፦
«ምን ልታዩ ነው?»
«የጋላክሲ ዙሪያ።»
«መኻሉን ትታችሁ?»
«መኻሉ ታይቷል።»
ትንፋሹን ሰበሰበ።
«እዚህ የመጣን ጊዜ አገርህ የት ነው ሲሉኝ
ጎንደር ዙሪያ አልኩ።
ጸሐፊዋ ዙሪያውን ትታ ጎንደር ብላ ጻፈች።
እኔ ግን ከተማውን ከገበያ ቀን በቀር መች አውቀዋለሁ?
ማረሻው ከእኛ፣ ሸክላው ከእኛ፣ እህሉ ከእኛ።
ከተማ ማለት ምን መሰለህ፣
ዙሪያው የሚያጎርሰው አፍ ነው።»

ይህን ለሲግሊት በዕብራይስጥ ልነግራት ሞከርኩ፤
«ዙሪያ» ስትሻገር ቀጠነችብኝ።
እሷ ግን ገባት። ነጩ ሰሌዳ ጥግ ላይ
ከቀመሩ በታች አፍ ሣለች።

ሰኞ ምስክሯን አየን።
ምስክር የምንላት ጥፍር የምታህል ብርጭቆ ናት፤
ንጹሕ ክፍል ውስጥ ተቀምጣ
የኛን ቆሻሻ የምትጠብቅ፣
በኋላም የምትናገርብን።
ከመቶ ስምንት እጅ ብርሃን ጎድሏል።
ማነው? ማነው? ተባባልን።
ሽቶ የተቀባ የለም፣ የእጅ ቅባትም የነካ፤
ጓንት አለ፣ ጭንብል አለ፣
ከራስ እስከ እግር ነጭ ተጠቅልለናል።
ዶቭ እጁን አነሳ። ስልሳ ሦስት ዓመቱ፣ ጆሮው ቀልቷል።
«መንደሪን ልጬ ነበር፣ ከጓሮዬ።
ታጥቤ ነበር እኮ።»

የልጣጭ ዘይት!
ዐይን የማያየው፣ አፍንጫም የረሳው፣
ሕንፃ የበላቸው የእርሻዎቹ ሽታ፣
በጓንት ጠርዝ ሾልኮ መስታወቱን አገኘው።
ሳቅን።
ቀጥሎ አልሳቅንም፤
ከሐምራዊ ማዶ ለሚመጣ እንግዳ
ያ ልጣጭ ግድግዳ ነው።

ዐርብ ዕለት ክዳኑ ይውጣ ብለን ነበር፣
መስታወቷን እስከ ሰማይ የሚሸፍናትን።
ሰኞ ማታ ስለ ክዳኑ የተነፈሰ የለም።
ብሎኑን ቦረቦርን፣ ቅንፉን አሳሳን፣
ሁለት መቶ ስምንት ግራም።
ቀረ የስማችን ሰሌዳ፤
አርባ አንድ ስም የተቀረጸበት፣ ዘጠና ግራም።
ሲግሊት ጮክ ብላ አነበበችው፣ አንዴ፣ ከላይ እስከ ታች፤
የአባቴ ስም ላይ እንደ ሁልጊዜው ተደናቀፈች፣
ተመልሳ አስተካከለች፣
ከዝርዝሩ ሰረዘችው።

ማታ አባቴ ዘንድ ሳህን ላይ መንደሪን ነበር።
አልነካሁም፤ ነገ ከመስታወቱ ጋር ነኝ።
«ስንት ቀራችሁ?»
«ሰማንያ ሁለት ግራም።»
«እሱ ስንት ነው?»
አንዷን አነሳ፣ መዳፉ ላይ ከፍ ዝቅ አደረጋት፦
«ይህን ያህል ይሆናል?»
«ይህን ያህል።»

ላጣት፣
በላት።